«ይቀባጥራል» የሚባለው ሰው ምን ሆኖ ነው?

ዋሽንግተንም ይሁን ሎስ አንጀለስ፣ ቶሮንቶም ይሁን ለንደን፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ባለበት ሁሉ ከባንኮኒው ጫፍ ባለቤት ያለው አንድ ወንበር አይጠፋም። ማታ ማታ ታክሲውን ያቆመ ሾፌር፣ ከፓርኪንግ ሥራ የወጣ ሠራተኛ ወይም ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ይቀመጥበታል፤ ሌላ ሰው ቀድሞት ቢገኝ እንኳ ይነሣለታል። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ብላ አትጠይቀውም፤ ውስኪውን ትቀዳለታለች። ጨዋታ አዋቂ ነው። ለተቸገረ ሰው ገንዘብ ሲዋጣም ከሁሉ ቀድሞ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው ነበር።

ይኸው ሰው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ከግማሽ ሰዓት በፊት የነገረውን ቀልድ ለዚያው ሰው እንደ አዲስ ይነግረዋል። ሒሳቡን ከፍሎ «አልከፈልኩም» ይላል፤ ሳይከፍል ደግሞ «ከፍያለሁ» ብሎ ይምላል። «ትናንት የት ጠፋህ?» ሲሉት ሳያመነታ «አዲስ አበባ ነበርኩ፤ እናቴን አይቼ መጣሁ» ይላል። እናቱ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው! መርዶውን የሰማው እዚሁ ነው፤ ለቅሶ የተቀመጠውም እዚሁ ነው። «ዛሬም ጀመረው» ተብሎ ጠረጴዛው በሳቅ ይደምቃል። አንዱ ቀልደኛ ነገሩን ለማራዘም «እናትህስ ምን አሉህ?» ይለዋል፤ እሱም ይናገራል፤ ቡና እንዳፈሉለት፣ መክሳቱን አይተው እንዳለቀሱ ሳይቀር።

ከዚያ በኋላ ስም ይወጣለታል። ዋሾ፣ ቀባጣሪ፣ መጠጥ ያጃጃለው። ደግ የሆኑት «ናፍቆት ነው» ወይም «ዕድሜ ነው» ይላሉ። ነገሩን ከእርግማንና ከመተት የሚያያይዙትም አይጠፉም። እነዚህ ስሞች ሁሉ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ነው፤ ሰውየው ሐኪም ዘንድ እንዳይደርስ ያደርጋሉ።

ሰውየው አይዋሽም። ዋሾ እውነቱን ያውቀዋል፤ አውቆም ይሸሽገዋል። ይህ ሰው ግን ትናንት የዋለበትን ሲፈልግ ባዶ ቦታ ያገኛል፤ አንጎሉም ባዶውን ቦታ እንዲሁ አይተወውም። ከሩቅ ዘመን አንድ ትዝታ አንሥቶ ይደፍንበታል። እናቱን አዲስ አበባ ሄዶ አይቷቸው ያውቃል፤ ቡናም አፍልተውለታል፤ የተሳሳተው ዘመኑ ነው። በሚናገርበት ሰዓት ነገሩን አምኖ ነው የሚናገረው። «አንተ ዋሾ» ሲሉትም የሚቆጣው ከልቡ ነው።

ይህን ሕመም አንድ ሐኪም በዝርዝር ከጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰርጌይ ኮርሳኮፍ የተባለው የሞስኮ ሐኪም ከ1887 ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣቸው ጽሑፎች ውስጥ የገለጻቸው ሰዎች ቋንቋቸውን አልረሱም፤ ቼዝና ካርታ ይጫወታሉ፤ የድሮውን አሳምረው ያወራሉ። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ግን ቀድሞ እንዳዩት አያስታውሱም። ለጊዜው ያነጋገራቸው ሰው ጤነኛ ናቸው ብሎ ሊሄድ ይችላል። ሕመሙ እስከ ዛሬ በዚህ ሐኪም ስም ይጠራል።

ኤዱዋር ክላፓሬድ የተባለ የጄኔቫ ሐኪምም በ1911 ያሳተመው አንድ ነገር አለ። በዚሁ ሕመም የተያዘች ሴትዮ ነበረችው፤ በየቀኑ ሲያገኛት አታውቀውም። አንድ ቀን በጣቶቹ መካከል መርፌ ሸሽጎ ጨበጣትና ወጋት። በማግስቱ ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ሐኪሙን አላወቀችውም፤ እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሰበሰበች። ለምን ቢላት ምክንያቱን መናገር አልቻለችም። ሕመሙ ያስታውቃል፤ ነገሩ ግን የለም። (የዛሬ ሐኪም እንዲህ ያለ ሙከራ ቢያደርግ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።) ይህን ያነበበ ሰው ባንኮኒው ጫፍ የሚቀመጠው ሰው የሚሳቅበትን ቀልድ ቢረሳም ሳቁ የወጋውን ነገር ላይረሳ እንደሚችል መገመት አያቅተውም።

ወደ ምክንያቱ እንምጣ ቢባል፣ ብዙ ሰው የሚያስበው አልኮሉ አንጎሉን ቀስ በቀስ አቃጠለው ብሎ ነው። ይህ ከፊሉ እውነት ነው፤ በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ በተገለጸው ሕመም ግን ዋናው ጥፋት የረኃብ ነው። አንጎል የሚሠራው ስኳር እያቃጠለ ሲሆን፣ ስኳሩን ወደ ጉልበት ለመለወጥ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ-1 የተባለውን ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ያለዚህ ቫይታሚን አንጎል ጋዙ ሞልቶ ክሩ እንደጠፋ ኩራዝ ነው። የሰው አካል ደግሞ ቢ-1ን ብዙ አያከማችም፤ ያለው ስንቅ የጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

መጠጥ ይህን ስንቅ በየበሩ ይዘርፈዋል። አንጀት ከምግብ ውስጥ እንዳይወስደው ያግዳል፤ የተጎዳ ጉበት እንዳያስቀምጠው ያደርጋል፤ አካልም ባለው እንዳይጠቀም ይከለክላል። ከሁሉ የከፋው ግን ምግቡን ራሱን መተካቱ ነው። ውስኪም ቢራም ጉልበት የሚሰጥ ካሎሪ ስላላቸው ጠጪው አይርበውም። ሆዱ ዝም ይላል፤ አንጎሉ ግን በቫይታሚን ረኃብ ላይ ነው።

ነገሩ የምግብ ጉዳይ መሆኑን የሚያሳየው ከመነሻው የተመዘገበው ታሪክ ነው። ካርል ቬርኒከ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1881 የሕመሙን አጣዳፊ መልክ ሲገልጽ ያቀረባቸው ሦስት ሕመምተኞች ነበሩ። ሁለቱ ጠጪዎች ናቸው። ሦስተኛዋ ግን ልብስ ሰፊ ወጣት ነበረች፤ አሲድ ጠጥታ ሆድዋ በመጎዳቱ ያለማቋረጥ ስታስመልስ የቆየች እንጂ የመጠጥ ሰው አልነበረችም። ምግብ አልገባላትም፤ አንጎሏም እንደ ጠጪዎቹ ሆነ። ዛሬም ይኸው ሕመም በእርግዝና ጊዜ ብዙ በሚያስመልሳቸው ሴቶችና ውፍረት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። አውስትራሊያ በ1991 የዳቦ ዱቄት ቢ-1 እንዲጨመርበት በሕግ ካስገደደች በኋላ ይህ የአንጎል ጉዳት በአስከሬን ምርመራ ከቀድሞው ባነሰ ቁጥር መታየቱ ተጽፏል። የጠጪውን መጠጥ መቀነስ ሳያስፈልግ፣ ዳቦ ብቻ!

ታዲያ ከጠጪው ጠረጴዛ ላይ መታየት ያለበት ብርጭቆው ብቻ አይደለም፤ ሳህኑም ጭምር ነው። ወዳጆቹ ስንት ደብል እንደጠጣ ይቆጥራሉ፤ ከዚያም «እገሌ እኮ አይሰክርም» ብለው ያደንቁታል። ምግቡን የሚያየው የለም። የምታየው አስተናጋጇ ናት። ክትፎው እንደታዘዘ እንደሚመለስ፣ ከበየዓይነቱ ላይ ሁለት ጉርሻ ተነሥቶ «ጠቅልይልኝ» እንደሚባል፣ የተጠቀለለውም ወንበሩ ላይ ተረስቶ እንደሚቀር የምታውቀው እሷ ናት። በጾም ወራት ደግሞ ሰበቡ ዝግጁ ነው፤ «ጾም ነው» ይባልና ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ይዋላል፤ ማታ መጠጡ ጾም አይፈታም ተብሎ በባዶ ሆድ ይጀመራል። በወር ውስጥ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ሲገባ «መነመንክ» እየተባለ ይቀለድበታል። ያን ጊዜ ስንቁ አልቋል።

የቬርኒከ ሕመም ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ሐሳብ መደናገር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የዓይን እንቅስቃሴ መበላሸት ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት። ሦስቱም አንድ ላይ የሚታዩት በጥቂት ሕመምተኞች ብቻ ነው፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ሊኖሩ ይችላሉ። አንባቢ ልብ ይበል፤ እነዚህ ምልክቶች በሙሉ ስካር ይመስላሉ! ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከምግብ ቤት ተደግፎ የሚወጣ ሰው የሰከረ ይሁን አንጎሉ በአደጋ ላይ ያለ ማን ይለየዋል? ወዳጆቹ መኪና ውስጥ አስገብተው፣ አልጋው ላይ ጥለውት፣ «ተኝቶ ይለቀዋል» ብለው ይሄዳሉ።

ስካር በእርግጥም ተኝተው ሲነሡ ይለቃል። ሳይጠጣ አድሮ ጠዋት የሚንገዳገድ፣ ቀኑን የማያውቅ፣ የት እንዳለ የሚጠፋበት ሰው ግን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት፤ ነገ ሳይባል፣ ክሊኒክ ቀጠሮ ሳይጠበቅ። እዚያ በደም ሥር የሚሰጠው ቢ-1 ከመድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። በጊዜ ከደረሰ የዓይኑ ችግር በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊሻል ይችላል። ካልደረሰ ሰውየው ሊሞት ይችላል፤ ካልሞተም ኮርሳኮፍ የጻፈው የመርሳት ሕመም ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ከፊሎቹ ይሻላቸዋል፣ ከፊሎቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን ጠባቂ ይሻሉ። ከፋርማሲ የቫይታሚን እንክብል ገዝቶ መስጠትም ለዚህ ሰዓት አይበቃም፤ የጠጪ አንጀት ከአፍ የገባውን በሚገባ አይወስደውምና። የወደቀ ጠጪ ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆንም ይችላል፤ ይህም ስካር ይመስላል፤ ለመለየት ምርመራ ያስፈልጋል። ለየትኛውም ቢሆን ቦታው ሆስፒታል ነው።

ይህ ማለት ደህና እየበላ የሚጠጣ ሰው ነፃ ነው ማለት አይደለም። «ትናንት ማታ እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም» የሚለው ጨዋታ በየማኅበሩ በሳቅ ይነገራል። ሰውየው በዚያ ሰዓት ነቅቶ ነበር፤ አውርቷል፣ ሒሳብ ከፍሏል፣ ምናልባትም መኪና ነድቷል። አልኮሉ በደሙ ውስጥ በፍጥነት ሲበዛ፣ አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎሉ ክፍል መመዝገቡን አቁሟል። ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ በኋላ ቢያስቡት ቢያስቡት አይገኝም። ለረጅም ዓመታት አብዝተው በሚጠጡ ሰዎች ላይ አንጎሉ ራሱ ይኮማተራል፤ በተለይ ፊት ለፊት ያለው፣ ሐሳብን የሚያቅደውና ቁጣን የሚገታው ክፍል፣ እንዲሁም ሚዛን የሚጠብቀው የኋላው ክፍል ይጎዳሉ። ሚስትየው «ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ አሁን በትንሹ ይቆጣል» የምትለው ከዚህ የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

ፈረንሳይ ውስጥ ከ2008 እስከ 2013 ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65 ሳይሞላ የመርሳት በሽታ ከያዛቸው 57,353 ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ወይ በሽታቸው ከመጠጥ የመጣ መሆኑ፣ ወይ ከበሽታው ጋር የመጠጥ ሱስ የተመዘገበባቸው መሆኑን አሳይቷል። በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ የሚኖሩ ከ36,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል አይቶ፣ በቀን ከግማሽ ቢራ ወደ አንድ ሙሉ ቢራ ከፍ ያሉት እንኳ የአንጎላቸው መጠን አነስ ብሎ አግኝቶታል። ምክንያቱ መጠጡ ብቻ ስለመሆኑ እንዲህ ያለው ጥናት በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ነገር ግን «ሁለት ብርጭቆ ለጤና ነው» የሚለውን የቆየ ማጽናኛ አያግዘውም።

ደስ የሚለውም አለ። ቶሮንቶ ውስጥ ሐኪሞች መጠጥ ያቆሙ ሰዎችን አንጎል በሲቲ ስካን እየደጋገሙ አንሥተው በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተኮማትሮ የነበረው አንጎል በአንዳንዶቹ በከፊል ሲመለስ መታየቱን ገልጸዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎችም ይህንኑ አጽንተዋል። ማስታወስና ማሰብ መጠጥ በቆመ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻሻላሉ። «እኔ እንደሆንኩ አልቆልኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አላለቀለትም።

ነገር ግን ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው፤ እዚህ ላይ ቤተ ሰብ በደግነት ይሳሳታል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ፣ ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ «የአንጎበር ማስለቀቂያ» ካልቀመሰ ሥራ የማይገባ ሰው ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረዋል፤ ያስምለዋል፤ አንዳንዴም ጠርሙሱን ሁሉ ደፍቶ በር ይዘጋበታል። የዚህ ሰው አንጎል ከመጠጡ ጋር እየታገለ መሥራት ስለለመደ፣ መጠጡ በድንገት ሲነሣ ልጓሙ እንደተበጠሰ ፈረስ ይሆናል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል። በሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲሄዱ ያያል፣ ከማይታይ ሰው ጋር ይጣላል። «ጋኔኑ ተነሣበት» የሚባለው ይህን ጊዜ ነው። ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ነገር ግን ሐኪሙ በመድኃኒት እያረጋጋ፣ ቢ-1ም እየሰጠ መጠጡን ካስጣለው በኋላ ወይም ሐኪሙ እያወቀ ይሁን።

ስለ ወንዶች ብቻ መወራቱም ተገቢ አይሆንም። ሴት ባንኮኒ ላይ ስትታይ ስለምትታማ ቤቷ ትጠጣለች፤ በማታ ሥራና በልጅ ማሳደግ መካከል፣ በቡና ስኒ ሳይቀር። የሴት አካል የሚይዘው ውኃ አነስተኛ ስለሆነ በዚያው መጠን መጠጥ ደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ከወንዱ ይበልጣል፤ ጉዳቱም በአነስተኛ መጠጥና ባጠረ ጊዜ ይመጣል። የእሷን ሳህን የሚያይ አስተናጋጅ እንኳ የለም።

ሐኪም ዘንድ የማያስኬደው ፍርሃት ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረተ ቢስ ነው አይባልም። ታክሲ የሚነዳ ሰው ፈቃዴን እነጠቃለሁ ይላል። ኢንሹራንስ የሌለው ሒሳቡን ያስባል። ወሬ የሚፈራው «አስተርጓሚው የአገሬ ልጅ ሆኖ ቢያወጣብኝስ?» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት በየቤቱ ይተረታል፤ ተራው ሲደርስ ግን ሁሉም ይደብቃል። አሜሪካ ለሚኖር ሰው ማወቁ የሚበጅ ነገር አለ። ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው ኢንሹራንስ ወይም የመኖሪያ ወረቀት የለህም ብሎ ሳይመረምርና አጣዳፊውን አደጋ ሳያረጋጋ ሊመልሰው አይችልም። ሒሳቡ በኋላ በፖስታ መምጣቱ አይቀርም፤ ለመቀነስ ወይም በየወሩ ለመክፈል መደራደር ይቻላል። አስተርጓሚም በነፃ መጠየቅ ይቻላል፤ የሠፈር ሰው የማይፈልግ «ከሌላ ከተማ በስልክ ይሁንልኝ» ማለት ይችላል።

ሌላውን ወጪ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ሰው በብቸኝነት አፓርታማው ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ በዚያው ምግብ ቤት፣ በዚያው ባንኮኒ ላይ ፎቶግራፉ የተለጠፈበት ሣጥን ይቀመጣል። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ በሺህ የሚቆጠር ዶላር በሁለት ሳምንት ይዋጣል። የሚያዋጣው ሕዝብ ደግ ሕዝብ ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን «በሞቴ አንድ ጨምር» እያለ ሲጋብዝ የነበረውም፣ በእናትየው ወሬ ሲስቅ የነበረውም ሣጥኑ ውስጥ ሃያ ዶላር ይከታል። ያ ሁሉ ሰው ከስድስት ወር በፊት ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ያይ ነበር። «በሞቴ» የሚለው ቃል ለጉርሻም እንደሚሆን እያወቀ።

የምግብ ቤት ባለቤቶችም ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ደንበኛ ማጣት ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል፤ የቤት ኪራዩ ከመጠጥ ትርፍ እንደሚሸፈንም ምሥጢር አይደለም። ነገር ግን ለወዳጅ የሚቀዳው ውስኪ በመለኪያ ቢቀዳ፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ከመምጣቱ በፊት ሾርባ ወይም ሽሮ ቢቀርብ፣ አስተናጋጇም ሳይነካ የተመለሰውን ሳህን ለባለቤቱ ብትናገርና ባለቤቱ ለሰውየው የቅርብ ወዳጅ ቢደውል ቤቱ አይዘጋም።

ያ ወዳጅ ሆስፒታል አብሮ ሲሄድ ሦስት ነገር ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል፤ ሰውየው በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣ፣ ምግብ በሚገባ ከበላ ስንት ጊዜ እንደሆነው። «አልፎ አልፎ ይቀምሳል» ብሎ ማድበስበስ ለክብሩ የቆሙለት ይመስላል፤ ሐኪሙ ግን ያንን ሰምቶ ቢ-1 ሳይሰጠው ሊያሳድረው ይችላል። ሰውየውን ራሱን ቢጠይቁት ትናንት ከእናቱ ቤት ጠግቦ እንደበላ ነው የሚናገረው።